የተጸለየበት ጊታር

ሄርሜላ እንደ አናጢ አንድ ዓይኗን ጨፍና የጊታሩን አንገት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከተች። ጎብጧል። ክሮቹን ቃኝታ ከአንገቱ መሃል በላይ ስትጫናቸው ድምፁ ከትክክለኛው ቃና ከፍ አለ።

"ጋሽ ጋዲሳ፣ ይሄ አይሆንም፤ አንገቱ ጎብጧል። ለሻጩ ይመለስ።"

አሮጌውን ኤሌክትሪክ ጊታር ከሐዋሳ መርጠው ዲላ ድረስ ያመጡት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ጋዲሳ ነበሩ። "እህቴ፣ ጠዋት ሽማግሌዎች እጅ ጭነን ጸልየንበታል እኮ። ለጌታ የተሰጠ ዕቃ እንዴት ይመለሳል?"

"ከመጸለያችሁ በፊት ብትጠሩኝ ምን ነበረበት?"

"ምን ልታዪ? ሲያብረቀርቅ አይታይሽም?"

"እሷ ባልም እንዲህ እያማረጠች ነው የቀረችው" አለች ለልምምድ ከተሰበሰቡት መዘምራን አንዷ። ሌሎቹ ሳቁ።

ሄርሜላ አልሳቀችም። እሁድ ጉባኤው ፊት የምትጫወተው እሷ ናት፤ የጊታሩ ጥፋት የእሷ ተደርጎ ይቆጠራል። እንግዲያው ራሳቸው ሰምተው ይፍረዱ ብላ ድምፅ ማጉያውን ከፈተች፤ የሚያውቁትን መዝሙር ሆን ብላ ቃናው ከሚሳሳትበት የአንገቱ ቦታ ጀመረችላቸው። መዘምራኑ ሲቀበሏት የመጀመሪያው ስንኝ ከጊታሩ ጋር ክፉኛ ተጋጨ። ቀና ብላ የጋሽ ጋዲሳን ፊት ጠበቀች። በሁለተኛው ስንኝ ግን መዘምራኑ እርስ በርስ እየተያዩ ድምፃቸውን በጥቂቱ ከፍ አደረጉና፣ ሁሉም በአንድነት ከተሳሳተው ቃና ጋር ገጠሙ። እጇን ከክሩ ላይ ብታነሣም በዚያው ቃና መዘመራቸውን ቀጠሉ።

ጋሽ ጋዲሳ መዝሙሩ እስኪያልቅ ጠብቀው ወደ እሷ ዞሩ።

"ታዲያ ምኑ ነው የጎበጠው?"