እስከ ስምንት ሰዓት የሚቆይ ደም

የኋላ ጎማው ይሽከረከራል እንጂ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም። ከምርምር ላቦራቶሪ የመጣው ሙሴ ነዳጅ በሰጣት ቁጥር የላፍቶ ጭቃ ይረጨኛል። አጠገቡ ባለው ወንበር ላይ በቀበቶ የታሰረ ሳጥን አለ። ሳጥኑ ውስጥ የልጅ ልጄ የናዝሬት ደም አለ።

«ቀስ በል ልጄ፣ ይናወጣል» እለዋለሁ።

«መናወጡስ ግድ የለም እናቴ፤ ሰዓቱ ነው እንጂ።»

አምስት ተኩል ሆኗል። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ካልደረሰ ሴሎቹ ይሞታሉ፤ ሌላ ቀን እንደገና መቅዳት ነው። ዛሬ ደም ሥሯ እስኪገኝ አራት ጊዜ ተወግታለች። አምስተኛውን የምትችል አይመስለኝም። እኔም አልችል።

ጠዋት ከደጅ ልመልሰው ነበር። «ለመሆኑ የምትሰጣት መድኃኒት አለህ?» ብዬ አፋጠጥኩት። «የለኝም» አለ። አለኝ ቢል ውሸታም ብዬ አባርረው ነበር። ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ውሃችንን ጠጥቶ አስረዳኝ። በደሟ ያለው ቫይረስ ሴል ውስጥ ሲሠራ አር ኤን ኤ የሚባል መልእክት ይጽፋል፤ ሲተኛ ብዙም አይጽፍም። መልእክቱ ስንት እንደሆነ ከተለካ፣ መድኃኒት ለማን ቶሎ እንደሚያስፈልግ፣ ተሰጥቶም መሥራት አለመሥራቱን ማወቅ ይቻል ይሆናል። «ይሆናል ነው ያልኩት፣ እናቴ» አለ።

ናዝሬት ከአልጋዋ ሳትነሣ ክንዷን ዘረጋችለት። «ተይው እማማ፤ ለኔ ባይደርስ ለሌላ ይደርሳል» አለችኝ።

ከመንገዱ ማዶ ጎረቤታችን ዋቅጅራ በሬዎቹን ጠምዶ ያርሳል። ሰኔ ላይ ገበሬ እንደማይለመን አውቃለሁ። ቢሆንም ቀሚሴን ሰብስቤ ማሳው ጫፍ እደርሳለሁ።

«ዋቅጅራ፣ በሬዎችህን አውሰን፤ መኪናዋ ሰምጣብናለች።»

«እትዬ ተናኘ፣ መኪናም ሲቸግረው በሬ ይለምናል?» ብሎ ይስቃል። «ትልሜን ልጨርስ። እስከ ማታ ይታገሱኝ።»

«እስከ ማታ አይቆይም።»

«ምን ቢጭን ነው?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ሳንባዋን ነው ስል ኖሬአለሁ። ለጎረቤቱም ለዕድሩም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለንስሐ አባቴም። ከኋላዬ መኪናዋ ታጓራለች።

«የናዝሬትን ደም» እላለሁ። «ያ በሽታ አለባት። ሊያጠኑት ነው።»

ዋቅጅራ ሳቁን ይተዋል። የጅራፉን ጫፍ ያያል። አሁን ለሚስቱ ለገዲሴ ይነግራታል፣ ከነገ ጀምሮ ከቤታችን እሳት የሚጭር አይኖርም እላለሁ በልቤ።

«የኔ በንቲ በዚሁ ሲሞት» ይላል በመጨረሻ፣ «ደሙን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።»

በንቲ ልጁ ነው። ካቻምና ወባ ገደለው ተብለን ቀብረነዋል።

ሞፈሩን ከቀንበሩ ይፈታል፣ በሬዎቹን መንገድ ያወጣል፣ ቀንበሩን በመጫኛ ገመድ ከመኪናዋ ጋር ያስራል። «አንተ ሾፌር» ይለዋል ሙሴን፣ «በል ስልህ ብቻ ነው ነዳጅ የምትሰጠው። በሬ እንደ ሞተር አይደለም፣ ይቀየማል።»

አንዴ፣ ሁለቴ፣ በሦስተኛው መኪናዋ ትወጣለች። ሙሴ አይቆምም፤ ቢቆም መልሳ ትሰምጣለች። በመስኮት እጁን ያወጣል። ዋቅጅራም የጨቀየ እጁን ያነሣለታል። ልመርቀው አፌን እከፍታለሁ፤ ስንቱን የመረቅኩበት ቃል ዛሬ ይጠፋብኛል። «ዋቅጅራ» ብቻ እላለሁ።

አይሰማኝም። መኪናዋ ወደ አስፋልቱ ታጥፋ ከዓይናችን ከተሰወረች በኋላም እጁን አላወረደም።