ሃያ ሰከንድ

«እልልታ የጉሮሮ አይደለም፤ መጀመሪያ ሆድሽን በትንፋሽ ሙዪ፣ ከዚያ አትቸኩዪ።» አሮጊቷ ልጅ ሳለች፣ በጥምቀት ዕለት፣ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ እንዲህ ስትል ሰምታ ነበር። ጓደኛዋ የመለሰችው ጠፍቶባታል፤ ብቻ ሁለቱም ስቀው ነበር።

አሁን መቐለ ውስጥ፣ በአንድ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና ክፍል፣ ግራ እጇን ከራሷ በላይ ዘርግታ በጀርባዋ ተኝታ ነበር። የካንሰር ዕጢው ከግራ ጡቷ ወጥቷል፤ የተረፈ ካለ ጨረሩ ያጠፋዋል፤ ልቧ ግን እዚያው ሥር ነበር። ትንፋሽዋን ሃያ ሰከንድ ብትይዝ ሳንባዋ ተነፍቶ ልቧን ከጨረሩ ገሸሽ ያደርግላታል። ለሙከራ ሁለቴ ያዘች፤ ሁለቴም አሥር ላይ ሳል አመለጣት።

«አደይ፣ አንዴ ብቻ እንድገመው» አለች የጨረር ባለሙያዋ፣ እንደ እናቷ እየጠራቻት፣ ከመስታወቱ ማዶ በድምፅ ማጉያ።

«ልቤን አቃጥዬ ጡቴን ባድን ምን ይረባኛል? ተይኝ ልጄ፣ ልብሴን ልልበስ።»

«ኧረ አደይ! በእህቴ ሠርግ በእልልታዎ ጆሯችንን ያደነቆሩት እርስዎ አይደሉ? ያ ትንፋሽ የት ገባ?»

ሳቋ መጣና ዋጠችው። ዓይኗን ጨፈነች፤ ሳትቸኩል ሆዷን በትንፋሽ ሞላች፤ ያዘችው። በልቧ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያለች ትቆጥር ጀመር። አሥረኛው ላይ ሳሉ ሊያመልጣት ታገላት። አሥራ አንድ አለች። አሥራ ሁለት። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ጠፋባት፤ ጸሎቱ ብቻ ቀረ።

«ይበቃል አደይ፣ ይተንፍሱ! ሃያ አራት ሰከንድ! ጨረሩን ነገ እንጀምራለን።»

በረጅሙ ተነፈሰች። እጇን አውርዳ ነጠላዋን ፈለገች።

«ነገ እመጣለሁ» አለች፤ «እስኪያልቅ ድረስ በየቀኑ እመጣለሁ። ብቻ ቅዳሴ አስቀድሼ ነው።»