አስር የሰጠ ክንዱን ይዞ ይምጣ

"ማነው አምስት የሰጣት? ወንድ ከሆነ ይነሳ!"

የክፍል አለቃችን ወረቀቱን እያውለበለበ ጮኸ... አንድም ሰው አልተነሳም።

ነገሩ እንዲህ ነው።

የነርስ ተማሪዎች ነን። በፕላስቲክ ክንድ ላይ ደም መቅዳት እየተለማመድን እርስ በርስ ከአስር እንተራረማለን። አራሚው ስሙን አይጽፍም።

ከመካከላችን አንዲት የሃምሳ ዓመት ሴት አለች... ሁላችንም "እማዬ" ነው የምንላት። ዕድሜዋን የሆስፒታል ወለል ስትወለውል ኖራ፣ ልጇ ለነርስነት ስትመዘገብ አብራት የተመዘገበች ጀግና! እናትና ልጅ አንድ ክፍል ናቸው።

እና ማን ደፍሮ ይቀንስባታል? አስር... አስር... አስር። አስተያየታችንም "ጎበዝ እማዬ!" ብቻ። ልብ ስለን ያስረከብንም አለን። (እኔ ነኝ።)

አንዱ ወረቀት ላይ ግን... አምስት!

ጀርባው ደግሞ በጽሑፍ ተሞልቷል። "ክንዱ ላይ የታሰረው ላስቲክ ላልቷል። መርፌው ቀጥ ብሎ ነው የገባው፣ ጋደም ይበል። እጇ የሚንቀጠቀጠው ትንፋሿን ስለምትይዝ ነው..."

"ምቀኛ!" አለች አንዷ።

"እናት የለውም እንዴ?" አለች ሌላዋ።

እማዬ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችና አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ልጇ አቀርቅራለች... አንጀታችንን በላችው።

በሳምንቱ ፈተናው መጣ። በሰው ክንድ ላይ!

ይህን ያላለፈ ለልምምድ ሆስፒታል አይገባም፣ ዓመት ይጠብቃል። እማዬ ደግሞ "ሌላ ዓመት የምጠብቅበት ጉልበት የለኝም" ስትል ሁላችንም ሰምተናል።

ተራዋ ሲደርስ መምህራችን መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየን።

"ለእሷ አስር የሰጠ... ክንዱን ይዞ ይምጣ።"



የክፍል አለቃችን ድንገት ጫማውን ማሰር ጀመረ። እኔ ደግሞ እጅጌዬን ወደ ታች ሳብኩት... እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፈርኩ።

ያኔ ልጇ ተነሳች። እጅጌዋን ጠቅልላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

"አንቺም አስር ሰጥተሻት ነበር?" አላት መምህሩ።

"አይ... አምስቷ የኔ ናት።"

ክፍሉ በሙሉ ደነገጠ። እማዬ ብቻ ሳቀች።

"የልጄን እጅ ጽሑፍ የማላውቅ መሰላችሁ? ሳምንቱን ሙሉ እሷ የጻፈችውን ሳነብ፣ ስለማመድ ነው የከረምኩት!"

ላስቲኩን ጠበቅ... መርፌውን ጋደም... ተነፈሰች።

ደሙ ባንዴ መጣ!

አጨበጨብን። አለቃችን አላስችል ብሎት "አሁንስ ስንት ትሰጫታለሽ?" አላት።

"ስምንት። ጥጡን ቶሎ አልያዘችልኝም።"

በሳቅ ፈነዳን። እማዬም እየሳቀች ጥጡን ያዘችላትና ወደኛ ዞረች።

"ልጆቼ... እንደምትወዱኝ አውቃለሁ። አስሩን ሰጣችሁኝ፤ ክንዳችሁን ግን ነፈጋችሁኝ።"

የምንገባበት ጠፋን።

ወዳጆቼ፣ ጠልተናት አልነበረም... ይሉኝታ ይዞን ነው። "ጎበዝ" ብሎ ማለፍ ምንም አያደክምም። የጓደኛን ሥራ ልብ ብሎ አይቶ፣ ጉድለቱን ከነማስተካከያው መጻፍ ግን ፍቅር ይጠይቃል። በይሉኝታ የሰጠነው አስር እኮ ያቺን ሴት አንድ ዓመት ሊያስከፍላት ነበር!

እናንተስ? የምትወዱት ሰው ሥራ ጎድሎ ስታዩ ትናገራላችሁ ወይስ እንደኛ ልብ ስላችሁ ታልፋላችሁ? ለዚህ ጽሑፍም ከአስር ስንት እንደምትሰጡት ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ... አስር የምትሉ ግን ምክንያቱን ካልጻፋችሁ አላምናችሁም!