የወርቄ ሪባን

አርፋችሁ ተቀመጡ እናንተ! ማነው ብርድ ልብሱን የሚጎትተው? ደብረ ብርሃን መብረድ ዛሬ አልጀመረች። መስከረም፣ አንቺ እስክሪብቶሽን ያዢና የአክስትሽን ቃል ጻፊ። እንዳታሳምሪልኝ።

«ለእድራችን ዳኛ። ጎረቤቴ ወይዘሮ ወርቄ ለልጇ ድብቅ ሰርግ እየደገሰች ነው።» ጻፍሽ?

ሃያ ዓመት ግድግዳ ተጋርተን! ጠላዋን ስጠምቅ፣ በርበሬዋን ስቀነጥስ የኖርኩት እኔ አይደለሁም? ሰርግ ያለበት ሰው መጀመሪያ ለጎረቤቱ ይናገራል። እኔ ሳልሰማ ሽንኩርቱን ማን ሊከትፍላት ነው፣ መላእክት?

ማስረጃሽ ምንድነው ይሉኛል። ሪባን ነዋ! ከጥቅምት ጀምሮ የሰፈሩን ሪባን ስትለቅም ነው የከረመችው። የኬክ ካርቶን የታሰረበትን፣ አዲስ ብርድ ልብስ የሚጠቀለልበትን፣ የቀሚስ ትከሻ ውስጥ ለማንጠልጠያ የሚሰፋውን ሳይቀር። እኛ ቆርጠን የምንጥለውን! አንቺም ደግ ነሽና ስትሰበስቢላት ከረምሽ፤ ቀዩን ከነጩ ለይተሽ፣ በካውያ ተኩሰሽ። የሰው ሥራ ሲሆን እጅሽ ሲፈጥን!

«ይሄ ሁሉ ምን ሊሆንሽ ነው?» ብላት፣ «ሥራ ፈትቼ ነው ወይንሸትዬ» አለችኝ። ሥራ ፈትታ! አንዱን ጠቅልላ ጽጌረዳ አርጋዋለች። ሦስቱን ጎንጉና የመጋረጃ ማሰሪያ። ሰፋፊውን የትራስ ጠርዝ፤ ሁለት ትራስ፣ ልብ በሉ። ረጅሙን ደግሞ የሙሽራ መኪና አፍንጫ ላይ የሚታሰረውን ጌጥ። ያላት መኪና እኮ የባሏ ጋሪ ነው! ፈረሱን ልትሞሽረው ካልሆነ።

ልጇ አበባው ደግሞ ሰላምታ አበዛብኝ። ድሮ አንገቱን ነቅነቅ አርጎ የሚያልፈው ልጅ፣ ዘንድሮ ጉልበቴን ሊስም ምንም አልቀረው። ኅሊናው ወቅሶት ነው። አትሳቂ፣ ጻፊ!

ትናንትና ጭራሽ ወርቄ መጥታ «እሑድ ከሰዓት ቤት ትኖሪያለሽ?» አለችኝ። እንዳልኖርላት ነዋ! እኔ ለሚ ከተማ ዘመድ ልጠይቅ ስወጣላት፣ እሷ ድንኳኗን ልትተክል። «ንቅንቅ አልልም!» አልኳት። ደስ ያላት መስላ ሳመችኝ። አስመሳይ! ይኸው ዛሬ እሑድ ነው፣ ተቀምጫለሁ።

ጻፊ። «ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ከወይዘሮ ወርቄ ጋር ያለኝ ጉርብትና ቀርቷል። ብትለምነኝም ሰርጓን አልረግጥም።» ምነው መጻፉን ተውሽው? ቅጣት እንዳይበዛባት ነው? ይብላኝ ለሙሽራይቱ ዘመዶች! የማን ቤት ምስኪኖች ይሆኑ፣ ከዚህች ቋጣሪ ጋር የሚዛመዱት?

ማነው በሩ ላይ? አንተ ልጅ ሞላልኝ፣ ባክህ ሥራ ላይ ነኝ። ምን? ሽማግሌዎች? ስንት? ታዲያ ግቡ በላቸዋ፣ በዚህ ብርድ ደጅ ምን ያስቆማቸዋል... «ቃል ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ? «ወርቄ ናት የላከችን» አሉ? ኧረ ቤት ተሳስተው ነው! እኛ ቤት ለጋብቻ የደረሰ ማን አለና፤ ያለችው ይቺ የምትጽፍልኝ የእህቴ ልጅ... ውይ፣ መስከረም! አንቺን ነው እንዴ?