የሰሜኑ መስኮት

የአለቃዬን የአርክቴክት ላክላን ፔቲግሩን ልማድ የእርጅና ድካም አድርጌ መቁጠሬን እናዘዛለሁ። በሳስካችዋን ሜዳ ላይ በሚነድፏቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች ሁሉ፣ በሰሜኑ ግድግዳ አንድ መስኮት ይሥሉ ነበር። በዚያ ውርጭ ወደ ሰሜን መስኮት የሚያወጣ የለም፤ ስለዚህ ንድፉን ለግንበኞች ስገለብጥ መስኮቱን በዝምታ እዘለው ነበር፤ ግድግዳውም ድፍን ሆኖ ይሠራ ነበር።

ከታላቁ የዓለም ጦርነት በፊት በነበረው መኸር፣ አሥራ አንደኛው ትምህርት ቤታችን ተማሪ አጥቶ ሊዘጋ መሆኑን ሰማንና ሄድን። መምህርቷ ሚስ ሃሌት በሩ ላይ ተቀበለችን።

«ሚስተር ፔቲግሩ፣ ይህን ሁሉ ትምህርት ቤት ሠርተው መጋረጃ ይረሳሉ? ልጆቹ ፈርተው ቀሩብኝ እኮ!»

«ምን አስፈራቸው?» አልኳት።

«ቀኑን ሙሉ በመስኮት የሚያያቸው ሰውዬ ነዋ! የትኛው መስኮት እንዳትለኝ ደግሞ፤ ይኸው!» ብላ ወደ ሰሜን ጠቆመች።

ያየሁት ነጭ፣ ድፍን ግድግዳ ነበር። አለቃዬ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ለግድግዳው እጅ ነሱ።

«ሜትሩን አምጣ» አሉኝ፣ በዛለ ድምፅ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ በድፍኑ ግድግዳ ላይ መጋረጃ ሰቀልን።