ጠጋኙ ካልገባ
በሐይቁ ላይ አንድ ልማድ አለ። አየር ተሞልቶ ጀልባዋን ከውኃው በላይ የሚያነሳት የላስቲክ ቀሚስ በተቀደደ ቁጥር፣ የጠገነው ሰው በመጀመሪያው ጉዞ አብሮ ይሳፈራል። እሱ ካልገባ ማንም አይገባም።

ዛሬ ገባ። ሠላሳ ሰው ተከትሎት ገባ። የማስቲሹ ሽታ ገና አልለቀቀም።

"ይይዛል ልጄ?" አሉት አጠገቡ የተቀመጡ ባልቴት።

"ባይዝ እኔን ምን አስገባኝ፣ እማማ?"

ጀልባዋ እያጓራች ተነሳች፤ ዳርቻው ራቀ። ጠጋኙን ላብ አጥምቆታል። በዚያ ሐሩር ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል።

"ወባህ ተነስቶብህ ነው?"

"መሰለኝ።"

ባልቴቷ አንጀታቸው አልችል አለ። "ትንሽ ነፋስ ይንካህ" ብለው ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈቱለት።

ከካፖርቱ ሥር የጀልባዋን ብቸኛ የሕይወት አድን ጃኬት ለብሷል።