ካውቦዩ ያላለው ቃል

ፓስተሩ ደሙ ፈልቶ የጋሽ ደግፌን በር ደበደበ። ጋሽ ደግፌ ድሮ በሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመው የካውቦይ ፊልም ለተመልካቹ የሚተረጉሙ ሰው ነበሩ።

«ካውቦዩ ሽጉጡን ጥሎ ‹ይቅር ብዬሃለሁ፤ ፍርድ የእግዚአብሔር ነው› አለ ብለውን አልነበር? በዚያች ቃል ጌታን ተቀበልኩ፤ ስንት ዓመት ሰበክኩባት! ዛሬ ፊልሙን ለቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ባሳያቸው፣ እንግሊዝኛ የሚችሉት ሳቁብኝ። ለካ ያለው ‹ጥይት ጨረስኩ› ነው! ለምን ዋሹኝ?»

«አትጩህብኝ!» ብለው ጋሽ ደግፌም ቱግ አሉ። «ያን ቀን ወንድምህን የገደለው ሰውዬ ከእስር ተፈቶ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። አንተ ከኋላው ሆነህ ሴንጢ ስትመዝ ያየሁህ እኔ ብቻ ነኝ።»